የአፍ መቃጠል፤ ሐኪም ምክንያቱን በምን ሥርዓት እንደሚመረምር

አፍ ለሰው ልጅ የምግብ በር፥ የንግግርም መሣሪያ ነው። እጁ የቆሰለ ሰው እጁን አሳርፎ ሊሰነብት ይችላል፤ አፉ የሚቃጠልበት ሰው ግን ሳይበላ፥ ሳይጠጣና ሳይናገር መሰንበት አይቻለውም። ስለዚህ የአፍ መቃጠል ለተመልካች ቀላል መስሎ ቢታይም ለታማሚው ከባድ ሥቃይ ነው።

በሚዛን ተፈሪና በአማን፥ በቴፒ፥ በማሻና በቦንጋ፥ በቡናው ጫካ ውስጥ ባሉትም ቀበሌዎች «አፌን ያቃጥለኛል፤ ምላሴ እሳት ሆነብኝ» የሚሉ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከመምጣታቸው በፊት አፋቸውን በሎሚና በጨው ያሹ፥ ከሱቅ እንክብል ገዝተው የዋጡ፥ ጤነኛ ጥርሳቸውን ያስነቀሉ፥ አልፎ ተርፎም እንጥላቸውን ያስቆረጡ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰዎቹ ጤናቸውን ስለሚንቁ አይደለም፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ስለሚቀድም ነው።

በዚህ ወር ትምህርታችን ሐኪም የአፍን መቃጠል ምክንያት በምን ሥርዓትና ቅደም ተከተል እንደሚፈልግ እንገልጻለን። የምንገልጸውም አንባቢ ራሱን በራሱ እንዲያክም አይደለም፤ በሐኪም ፊት በቀረበ ጊዜ ስለሚጠየቀው ነገር አስቀድሞ እንዲያስብና ከሚጎዳው ነገር እንዲቆጠብ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ምልክትና በሽታ የተለያዩ ናቸው

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ የአፍ መቃጠል የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት መሆኑ ነው። ከተራራ ማዶ ጭስ ያየ ሰው እሳት መኖሩን ያውቃል፤ ነገር ግን ጭሱ ከማእድ ቤት ይምጣ፥ ከተመነጠረ ማሳ ይምጣ፥ ወይስ ከሚቃጠል ቤት፥ ቀርቦ ሳያይ ሊያውቅ አይችልም። ሐኪምም «አፌን ያቃጥለኛል» የሚለውን ቃል የሚሰማው እንደዚሁ ነው። ቃሉ እሳት መኖሩን ይነግረዋል፤ እሳቱ ያለበትን ስፍራ ግን መርምሮ ማግኘት የራሱ ሥራ ነው።

2. ቃጠሎ የሚሰማን እንዴት ነው?

በምላስ፥ በከንፈርና በላንቃ ላይ ያለው ቆዳ ስስ ከመሆኑም በላይ ነርቮች የበዙበት ነው። ከእነዚህም ነርቮች አንዳንዶቹ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ለአንጎል «ተቃጠልህ» የሚል መልእክት የሚልኩ ናቸው። በ1997 ዴቪድ ጁሊየስ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ይህን ሙቀት የሚቀበለውን የነርቭ ክፍል ለይተው አወቁ። ለዚህም ሥራ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ሊቃውንቱ ወደዚህ ግኝት የደረሱት በበርበሬ በኩል ነው። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ሙቀት የሚቀበለውን ያንኑ የነርቭ በር ይከፍታል። ስለዚህ ሚጥሚጣ የቀመሰ ሰው ምላሱ በእሳት ባይነካም አንጎሉ የእሳት ወሬ ይደርሰዋል። የጥምዝ፥ የቁንዶ በርበሬና የዝንጅብል ማቃጠልም በዚሁ መንገድ የሚመጣ ነው። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይሟሟል። ሚጥሚጣ ሲያቃጥል ከውሃ ይልቅ ወተት የሚያበርደውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ታላቅ ትምህርት እናገኛለን። ቃጠሎ በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው አፍን በቀጥታ ከሚነካ ነገር፥ ማለት ከትኩስ መጠጥ፥ ከቅመም ወይም ከሚቆጠቁጥ ተክል የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የአፍ ቆዳ ሲቆስል፥ ሲሳሳ ወይም ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወሬ አድራሹ ነርቭ ራሱ ሲታወክ የሚመጣ ነው። ሐኪም በሚመረምርበት ጊዜ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ሩቁ ይሄዳል።

3. የመጀመሪያው ምርመራ ጥያቄ ነው

ብዙ ሰው ሐኪም መርፌውን ወይም መሣሪያውን ካላነሣ የመረመረው አይመስለውም። ነገር ግን በአፍ መቃጠል ጉዳይ ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው በሚገባ የተጠየቀና በእውነት የተመለሰ ጥያቄ ነው። ሐኪሙ የሚጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሕመሙ መቼ ጀመረ? በአንድ ማእድ ላይ በድንገት ነውን? ወይስ ቀስ በቀስ በወራት ውስጥ?

የሚያቃጥለው የት ነው? የምላስ ጫፍ ነውን? ከንፈር ነውን? አፍ በሙሉ ነውን? በሁለቱም ወገን ነውን? ወይስ በአንድ ወገን ብቻ?

በምግብ ጊዜ ይብሳል ወይስ ይሻላል? ይህ ጥያቄ እጅግ ጠቃሚ ነው። ቁስል ያለበት አፍ ጨው፥ በርበሬና ሎሚ ሲነካው ይብስበታል። ሕመሙ ከነርቭ የመጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጠዋት ቀለል ብሎት ይነሣል፤ ቀኑ በገፋ መጠን ይብስበታል፤ ምግብ በሚያኝክበት ጊዜ ግን የሚሻለው አለ።

ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? በዚህ ጥያቄ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት የተገዛው፥ ከጎረቤት የተበደሩት፥ የባህል መድኃኒቱም ጭምር ይገባል።

ሌላስ ምን ይሰማሃል? ድካም፥ ማዞር፥ የውሃ ጥም፥ የሽንት መብዛት፥ ቃር፥ የሰውነት መክሳት፥ የእንቅልፍ ማጣት፥ ኀዘንና ጭንቀት አለብህን? ታማሚው እነዚህ ከአፍ ጋር ምን አገናኛቸው ብሎ ሊገረም ይችላል። ግንኙነታቸውን ከዚህ በታች እናሳያለን።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ጥያቄ የተነገረ ይመስላል። ጫት የሚቅም፥ ሲጋራ የሚያጨስ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ሰው ይህን ቢደብቅ ሐኪሙን ሳይሆን ራሱን ያታልላል፤ ሦስቱም አፍን ያደርቃሉ፥ ቆዳውንም ይጎዳሉና።

4. ከማእድ የሚመጣ ቃጠሎ

በባሕር ማዶ በተማርንባቸው መጻሕፍት የአፍን መቃጠል የሚያመጡ ነገሮች በየምዕራፉ ተዘርዝረዋል። ነገር ግን በዚህ አገር ሐኪም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ አንድ ሥር ነው፤ ይኸውም ጎደሬ ነው። ጎደሬ በቤንች፥ በሸኮና በሸካ ምድር ሕዝቡን የሚመግብ የተባረከ ተክል ነው። ሆኖም በጥሬነቱ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ፥ በዓይን የማይታዩ፥ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉበት። ጎደሬው በሚገባ ሳይበስል ከተበላ እነዚህ መርፌዎች ከንፈርን፥ ምላስንና ጉሮሮን ይወጋሉ፤ ሲላጥ እጅን የሚያሳክከውም ይኸው ነው።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ርቦት ከድስት ያልበሰለ ጎደሬ አውጥቶ ቢበላ፥ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አፉን ይቆጠቁጠዋል፤ ምራቁም ይበዛል። የዚህ ልጅ ምርመራ በአንድ ጥያቄ ያልቃል። አፉን በቀዝቃዛ ውሃ ይጉመጥመጥ፤ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውሃ ይጠጣ፤ ሕመሙም በአብዛኛው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቀዋል። ነገር ግን ምላሱ ወይም ጉሮሮው ቢያብጥ፥ ትንፋሹም ቢያጥረው፥ አንድ ደቂቃ ሳይጠፋ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። መከላከያው ቀላል ነው፤ ጎደሬውን በደንብ መላጥ፥ መቆራረጥ፥ እስኪልም ድረስ መቀቀልና የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ነው።

ቀጥሎ ቅመማ ቅመም ይመጣል። ይህ ምድር የኮረሪማ፥ የጥምዝ፥ የዝንጅብልና የእርድ አገር ነው፤ በቴፒም የግብርና ምርምር ማዕከሉ ቁንዶ በርበሬንና ቀረፋን የመሳሰሉትን ቅመሞች ያጠናል። ከእነዚህ መካከል ሐኪም በተለይ የሚጠይቀው ስለ ቀረፋ ነው። ምክንያቱም የቀረፋ ጣዕም ያለው ሻይ፥ ማስቲካ ወይም የጥርስ ሳሙና አዘውትረው የሚጠቀሙ አንዳንድ ሰዎች ሰውነታቸው ስለማይቀበለው የአፋቸው ቆዳ ይቀላል፥ ይቃጠላልም። የሚጠረጠረውን ነገር ለሁለት ሳምንት ያህል ትቶ ለውጡን መመልከት ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው። ምንነቱ በማይታወቅ እንጨት ጥርስን መፋቅም እንደዚሁ አፍን ሊያቆስል ስለሚችል፥ በልማድ ከታወቁት የመፋቂያ ዛፎች ውጭ መጠቀም አይገባም።

ቡናን በሚመለከት አንባቢዎቻችንን ማስፈራራት አንፈልግም። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ድርጅት ጉዳዩን ሲመረምር ቡና ራሱ ካንሰር ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጿል። ነገር ግን ማንኛውም መጠጥ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ሲጠጣ የምግብ መውረጃን ቧንቧ ለካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር አስታውቋል። ስለዚህ ከጀበና የተቀዳውን ቡና በስኒው ውስጥ ጥቂት አቆይቶ መጠጣት ከቡና ወግ አንዳች አያጎድልም፤ ምላስንም ከመለብለብ ያድናል።

5. አፍን መመልከት

ጥያቄው ሲፈጸም ሐኪሙ በብርሃን አፍን ይመለከታል። ምላስን ከላይም ከታችም፥ ከግራም ከቀኝም፥ ጉንጭን ከውስጥ፥ ድድን፥ ላንቃንና ጥርስን ያያል፤ አንገትንም በእጁ ይዳስሳል። የሚያየውም ከሚከተሉት አንዱ ሊሆን ይችላል።

ነጭ እርጎ መሰል ነገር በምላስ ወይም በጉንጭ ላይ ቢገኝና ሲጠረግ ለቆ ሥሩ ቀይ ቢሆን፥ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። ፈንገስ በጤነኛ አዋቂ ሰው አፍ ውስጥ ያለ ምክንያት አይበዛም። ስለዚህ ሐኪሙ «ለምን በዛ?» ብሎ ይጠይቃል። ያለ ትእዛዝ የተወሰደ ቴትራሳይክሊን ወይም ሌላ አንቲባዮቲክ፥ የስኳር በሽታ፥ ሌሊት የማይወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ፥ ለአስም የሚሳብ የስቴሮይድ መድኃኒት፥ ወይም ኤች አይ ቪ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ለአስም መድኃኒት የሚስቡ ሰዎች ከሳቡ በኋላ አፋቸውን በውሃ ቢጉመጠመጡ ከዚህ ይድናሉ። ሐኪሙ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርግ ቢል ታማሚው አይቆጣ፤ ሐኪሙ ማንንም አልከሰሰም፤ የሚታከመውን ነገር በጊዜው ለማግኘት ነው።

ነጩ ነገር ሲጠረግ የማይለቅ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በጉንጭ ውስጥ እንደ ጥልፍ የተሰመረ ነጭ መስመር ሊከን ፕላነስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ ደግሞ ለካንሰር የሚያዘጋጅ ሊሆን ስለሚችል፥ ከቦታው ጥቂት ሥጋ ተወስዶ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት።

በምላስ ላይ እንደ ካርታ ተከልለው ከቀን ወደ ቀን ቦታቸውን የሚለዋውጡ ቀያይ ምልክቶች ቢታዩ ጉዳት የሌለው ነገር ነው፤ በቅመም ጊዜ ቢያቃጥልም ወደ ክፉ አይለወጥም። ምላሱ ሻካራነቱን አጥቶ የለሰለሰና የቀላ፥ የከንፈሩም ማእዘን የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ሐኪሙ ዓይኑን ከአፍ ወደ ደም ያዞራል።

6. በአፍ የሚታይ፥ ከሩቅ የሚመጣ

የምላስ ቆዳ ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ስለሆነ በደም ውስጥ የሚጎድለውን ነገር ቀድሞ ያሳውቃል። የብረት፥ የፎሊክ አሲድና የቫይታሚን ቢ ዘሮች ሲያንሱ ምላስ ይሳሳል፥ ይቃጠላልም።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ቡና ለቃሚ ሴት በእርጥበታማው ማሳ ባዶ እግሯን ትውላለች እንበል። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል እጭ በሰው እዳሪ ከተበከለው እርጥብ አፈር ተነሥቶ በእግሯ ቆዳ ይገባል፤ በደም ሥርና በሳንባ አልፎ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያም ተጣብቆ ደሟን ይመጣል። በወራት ውስጥ ብረቷ ያልቃል፤ ትደክማለች፤ ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ምላሷም ይቃጠላል። ይህች ሴት አፏን በሎሚ ብታሽ፥ ጥርሷንም ብታስነቅል ምን ይጠቅማታል? የአፏ እሳት የገባው በእግሯ ጫማ ነው። ሐኪሙ ግን የደሟን መጠን ይለካል፤ እዳሪዋን በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን ከ12 ግራም፥ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል፤ ልኩም እንደ ቦታው ከፍታ ይስተካከላል። ከዚያም የትሉን መድኃኒትና ብረቱን ያዝላታል። ለወደፊቱም ጫማ እንድትጫማና መጸዳጃ ቤት እንድትጠቀም ይመክራታል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፥ ደም ያነሰው ሰው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢጠጣ ይበጀዋል።

የምግብ ነገር በምላስ ላይ እንደሚታይ ከሌላም አገር ታሪክ እንማራለን። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በቆሎን ዋና ምግባቸው ባደረጉ ድሆች ዘንድ ፔላግራ የሚባል በሽታ ብዙ ሕዝብ ይገድል ነበር። አፍና ምላስ ቀልቶ ይቃጠላል፤ ፀሐይ የሚነካው ቆዳ ይበላሻል፤ ሆድ ይታመማል፤ አእምሮም ይታወካል። ብዙዎች በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መስሏቸው ሳለ፥ በ1914 በመንግሥት ታዝዘው የሄዱት ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ምክንያቱ የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳዩ። በ1937 የጎደለው ነገር ኒኮቲኒክ አሲድ መሆኑ ታወቀ። ለእኛም የሚሆነው ምክር፥ በቆሎውን ወይም ቆጮውን ከባቄላ፥ ከአተር፥ ከጎመን፥ ሲገኝም ከወተት፥ ከእንቁላልና ከሥጋ ጋር ማደባለቅ ነው።

ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥጋ፥ ወተትና እንቁላል ያልቀመሰ፥ ጨጓራው የታመመ ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ሊጎድለው ይችላል። ከምላሱ መቃጠል ጋር እግሩ ቢደነዝዝ ይህ ይጠረጠራል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ቢሰጠው ደሙ የተሻለ መስሎ ሳለ የነርቡ ጉዳት ሊቀጥል ስለሚችል፥ «የደም ኪኒን» ብሎ በገበያ መግዛት አደጋ አለው።

ከደም ቀጥሎ ሐኪሙ ስኳርን ይለካል። ውሃ የሚጠማው፥ ሌሊት ለሽንት የሚነሣና አፉ የሚደርቅ ሰው ሳይበላ ተለክቶ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን፥ ምርመራው ተደግሞ የስኳር በሽታ መሆኑ ይረጋገጣል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስና ሌሊት ወደ አፍ የሚመለስ የጨጓራ አሲድም እንደዚሁ ይታሰባሉ።

መድኃኒትም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጡት ካፕቶፕሪልና ኤናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጣዕም መለወጥና የአፍ መቃጠል ያመጣሉ፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ምራቅን ያደርቃል። ነገር ግን ታማሚው ይህን አንብቦ የደም ግፊቱን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ ቢያቆም ከአፍ መቃጠል የሚብስ ነገር ሊደርስበት ይችላል። ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙም በሌላ ይተካለታል።

7. ሁሉም ተመርምሮ ምንም ሳይገኝ ሲቀር

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። አንዲት በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች እመቤት አፏ ከተቃጠለ ከሦስት ወር በላይ ሆኗል እንበል። በየቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ ያቃጥላታል፤ መራራ ወይም ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይሰማታል። አፏ ግን ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ደሟም፥ ስኳሯም ደኅና ነው፤ ፈንገስም የለም። ቤተሰቧ «ምንም የለብሽም፤ አጉል ምክንያት ነው» ይሏታል፤ ጎረቤት ደግሞ ሌላ ነገር ያወራል። እርሷም ዝም ብላ ትሠቃያለች።

ይህ የታወቀ ሕመም ነው። ሐኪሞች የአፍ መቃጠል ሕመም ብለው ለብቻው የሚጠሩት ይህንን ነው፤ በተለይም የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ ይበዛል። በሁለተኛው ክፍል እንደገለጽነው ሚጥሚጣ እሳት ሳይኖር የእሳት ወሬ ለአንጎል ያደርሳል። በዚህ ሕመም ደግሞ ሚጥሚጣም ሳይኖር ነርቡ ራሱ ያንኑ ወሬ ይልካል። ስለዚህ ቁስል አለመታየቱ ሕመሙ ሐሰት መሆኑን አያስረዳም።

ልብ መባል ያለበት ሐኪሙ ይህን ስም የሚሰጠው በመጨረሻ መሆኑ ነው። ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ ሳያስወግድ በመጀመሪያው ቀን «የነርቭ ነው» ብሎ ቢያሰናብት፥ ደም ያነሰውን ወይም ስኳር ያለበትን ሰው ሳያክም ይቀራል። ጭንቀትና ኀዘን ይህን ሕመም ያባብሳሉ፤ ሕመሙም በተራው ጭንቀትን ያመጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም አብረው ይታከማሉ። ሕመሙ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። በጥርስ መንቀልም አይድንም። ሐኪም የነርብን ሁከት የሚያበርዱ መድኃኒቶችን በመጠን ሊያዝ፥ በንግግርም ሊረዳ ይችላል፤ መሻሻሉ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የቤተሰብ ድርሻ ታማሚዋን ማመን ነው።

8. ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፤ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፤ በአፍ ውስጥ ወይም በአንገት ላይ ያለ እብጠት፤ የምላስ፥ የከንፈር ወይም የፊት በአንድ ወገን መደንዘዝ፤ ለመዋጥ መቸገር፤ ያለ ምክንያት መክሳት። እነዚህ ሲታዩ ታማሚው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በሚዛን አማን ወደሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ይላካል። ምላስ ወይም ከንፈር በድንገት ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር ግን ነገ አይባልም።

9. ለመምህራን

መምህራን በየቀኑ ብዙ ልጆችን ስለሚያዩ ከሐኪም ቀድመው ምልክቱን ሊያውቁ ይችላሉ። የከንፈሩ ማእዘን የተሰነጠቀ፥ ፊቱ የገረጣ፥ በትምህርት ሰዓት የሚያንቀላፋ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከመገሠጹ በፊት ደሙና እዳሪው ቢመረመር መልካም ነው። ስለ ጎደሬ አበሳሰል፥ ስለ ጫማና ስለ መጸዳጃ ቤት በክፍል ውስጥ የተነገረው ትምህርትም በልጁ አፍ ወደ ቤት ይደርሳል።

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ ለመጠቅለል፥ ሐኪም በመጀመሪያ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ይመለከታል፤ ከዚያም ደሙን፥ ስኳሩንና የሚያስፈልገውን ይመረምራል፤ በመጨረሻም ሌላው ሁሉ ሲወገድ ስለ ነርቡ ይናገራል። መድኃኒት የሚሰጠው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው። ይህን ሥርዓት ያወቀ ሰው ሎሚውን፥ ጉጠቱንና የሱቁን እንክብል ትቶ ወደ ምርመራ ይሄዳል፤ ሲጠየቅም እውነቱን ይናገራል።

ለክፍል የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ፥ የአፍ መቃጠል በሽታ ነው ወይስ ምልክት? በምሳሌ አስረዱ።

2ኛ፥ ሚጥሚጣ ሲያቃጥል ከውሃ ይልቅ ወተት የሚሻለው ለምንድን ነው?

3ኛ፥ ያልበሰለ ጎደሬ አፍን የሚቆጠቁጠው በምን ምክንያት ነው? በቤታችሁ እንዴት ይዘጋጃል?

4ኛ፥ ጫማ አለመጫማት የምላስን መቃጠል የሚያመጣው በየትኛው መንገድ ነው?

5ኛ፥ ሐኪም ስለ ነርቭ የሚናገረው በመጨረሻ የሆነው ለምንድን ነው?